የወንጪ ቀለም ግድግዳ

መጠበቅ አልችልም። ይህን ካሁኑ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የማወራው እብደት ይመስላችኋል። ወጥ ሲሠራ ክዳን እየከፈትኩ የማይ፣ ታክሲ እስኪሞላ ከመቀመጥ በእግሬ የምሄድ፣ ሰው ወሬ ሲጀምርልኝ መጨረሻውን የምጠይቅ ሰው ነኝ። እናቴ፣ ገና አምቦ ሳልመጣ ሸነን እያለሁ፣ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ» ትል ነበር። እንዲህ ያለች ሰው እንግዲህ፣ ስንት ሥራ ባለበት አገር፣ የግድግዳ ልስን ውስጥ ገባች። የልስን ሥራ ደግሞ ግማሹ መጠበቅ ነው።

ጫልቱ እባላለሁ። የአስረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አምቦ ቀረሁና ግንባታ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆንኩ። አሸዋና ሲሚንቶ በባሬላ ስሸከም ቆይቼ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ የልስን ባለሙያ ጋ ተጠጋሁ። ጋሽ ታፈሰ ሥራውን አዲስ አበባ ተምረው የተመለሱ ያምቦ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ግን ሲቆጡም እጃቸው ከግድግዳው ላይ አይነሳም።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ጂብሰም ቦርድ አምቦ የገባው በዚያው ሰሞን ነበር። ነጩን ቦርድ በእንጨት ሞራሌ ላይ በብሎን ይመቱታል፤ መጋጠሚያውን በስቱኮ ይደፍኑታል፤ ከዚያ ቀለም የገባበት ስቱኮ በስፓቱላ እየጎተቱ ይለብጡበታል። ሰዉ «ዲዛይን» ነው የሚለው። ሊደርቅ ሲል በስፓቱላው ጀርባ ይታሻል፣ ያኔ ያበራል። ቀድማችሁ ካሻችሁት ይላጣል፤ ካለፋችሁ ደግሞ ድንጋይ ይሆንና በቃ፣ እንደደበዘዘ ይቀራል። ጋሽ ታፈሰ ልኩን የሚያውቁት እጃቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ቅዝቃዜውን በመስማት ነው። እኔ ግን አላስችል ይለኝና በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ጣቴ ይታተምበታል። ጋሽ ታፈሰ ያን ቦታ ፍቀው እንደገና ይሠራሉ።

«ጣትሽን ኪስሽ ውስጥ አስቀምጪው» ይሉኝ ነበር። «የሰው ቤት ላይ መታወቂያ የምታወጪ ይመስል።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ኦቦ ለሚ ቤት ደረስን።

ኦቦ ለሚ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ የሳሎኑ በር ከወፍራም የጽድ ሳንቃ የተሠራ፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ያለው። ልጃቸው ቦንቱ ነርስ ናት፤ እሁድ ልታገባ ነው። ለሠርጉ ብለው ሰፊውን ሳሎን በጂብሰም ቦርድ ለሁለት ከፈሉት፤ ወዲህ ሳሎን፣ ወዲያ የእንግዳ መኝታ። ሳሎኑን የሚያየው የቦርዱ ፊት ዲዛይን እንዲሠራበት ተወሰነ።

«ምን ቀለም ይሁንልዎ?» ብለው ጋሽ ታፈሰ የኦቦ ለሚን ባለቤት አደ አስቴርን ጠየቋቸው።

«የወንጪ» አሉ አደ አስቴር። የሐሮ ወንጪ ልጅ ናቸው፤ ሐይቁን እያዩ ነው ያደጉት።

«ወንጪ እኮ አንድ ቀለም የለውም። ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው።»

«ጠዋት፣ ጀልባ ሳይነካው በፊት ያለውን።»

ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? ይህን ግድግዳ አንቺ ነሽ የምትሠሪው።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ማቡካት፣ ማቀበል፣ ወለል መጥረግ ነበር።

«አትሳቂ» አሉኝ። «ይህ ግድግዳ የጣት ምልክት ሳይኖርበት እሁድን ካየ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስፓቱላ ትይዣለሽ። አንዲት ጣት ካየሁበት ግን ወደ ባሬላሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ አልለምንሽም፣ አትለምኚኝም።»

ቀለሙን ማግኘት ራሱ አሳሬን አሳየኝ። እየቀላቀልኩ በቦርድ ቁራጭ ላይ ቀብቼ ለአደ አስቴር አሳያለሁ። አንዱን «ይሄማ የተማሪ ዩኒፎርም ነው» አሉኝ። ሌላውን «ጎመን ክትፎ» ብለው ሳቁብኝ። ሰማያዊ ጨምሬ፣ አረንጓዴ ቀንሼ፣ በመጨረሻ ጥቁር በስፓቱላ ጫፍ ጣል አድርጌ ስወስድላቸው ቁራጩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። «ዲሲ፣ ተዪው በቃ፣ እንዳትነኪው» አሉኝ። ቁራጩንም ሳይመልሱልኝ ይዘውት ጓዳ ገቡ።

አርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻውን እጅ ለበጥኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን እጄ ታዞልኝ አያውቅም። ጋሽ ታፈሰ ከኋላዬ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ማንም አልጠበቀውም። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማማም ነበር። ግድግዳው እርጥበቱን ይዞ ቀረ፤ ምሳ ሰዓት አልፎ እንኳ ገና እንደለበጥኩት ነበር። ቤቱ ደግሞ የሠርግ ቤት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሽንኩርት የነካ እጁን ይዞ «እስቲ ዲዛይኑን እንየው» እያለ ይገባል። አንዷ ሴትዮ ልትደገፈው ስትል ጮኬ አስቆምኳት።

ጋሽ ታፈሰ አላማራቸውም። «በዚህ ዓይነት ለእሁድ አይደርስም። ከሰል እናስገባ» አሉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እኛ ጋ ልስን የሚቸኩልበት ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ይገባል። «ጭስ ከሌለው ምንም አያደርግም» ይባላል። ኦቦ ለሚም፣ አደ አስቴርም፣ እኔም እንደዚያው ነበር የምናምነው። ነገሩን የምታውቀው ቦንቱ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ፀጉር ቤት ሄዳለች።

ፍም የሞሉትን ምድጃዎች ሳሎን አስገባን። ጋሽ ታፈሰ ንፋስ ገብቶ ልስኑን እንዳይሰነጥቀው መስኮቱን በላስቲክ ከውስጥ ሸፈኑት። ከዚያ እኔን በትከሻዬ ይዘው ወደ በሩ መሩኝ።

«ልትወጡ ነው?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ የምትወጪው። እዚህ ካለሽ ትነኪዋለሽ። እኔ እጠብቀዋለሁ፤ ልኩ ሲደርስ እጠራሻለሁ፣ ገብተሽ ራስሽ ታሺዋለሽ። እስክጠራሽ በሩን እንዳታንኳኪ።»

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ለሠርገኛው ብቻ ሳይሆን ለእኔም የተቀረቀረ መሆኑ ገብቶኛል፤ ከንክኖኛልም።

እንግዲህ ጠብቂ ተብዬ ደጅ ቀረሁ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ሽንኩርት ልላጥ ቁጭ አልኩ፣ አንዱን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ወንበር ሊደረድሩ የመጡትን ላግዝ ብዬ አንድ ወንበር ተሸክሜ መሀል መንገድ ላይ አስቀመጥኩት። ልቤ ግድግዳው ጋ ነው። ቀለሙ ዥጉርጉር ሆኖ ቢደርቅስ? ሄጄ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ጋሼ፣ ደረሰ?»

«ቆይ!»

ድንኳን ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሄድኩ።

«ጋሼ?»

«ቆይ አልኩሽ እኮ።» ድምፃቸው ከበድ፣ ጎተት ያለ ነበር። «የቸኮለች… አፍሳ ለቀመች።»

ሌሊቱን ሲሠሩ ስላደሩ ደክሟቸው ነው አልኩና ተመለስኩ። ዛሬም ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሦስተኛ ስሄድ መልስ የለም። ዝናቡ ነው ብዬ ጮክ አልኩ። የለም። ተናደውብኝ ነው፤ ሲናደዱ ያኮርፋሉ። ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቅኩ፣ ተመለስኩ። 

ኦቦ ለሚ ጃንጥላ ይዘው ከድንኳኑ መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የልጃቸው ሠርግ እንኳ አያስሮጣቸውም።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆነሻል ልጄ? ከበሩ ጋር ተጣልተሻል እንዴ?»

«ጋሽ ታፈሰ አይመልሱልኝም።»

«ደክሟቸው ጋደም ብለው ይሆናል። ተያቸው ይረፉ።»

«አይጋደሙም ኦቦ። ግድግዳው ደርሷል።»

«አንቺ በምን አየሽው?»

«ከሰል በሞላበት ቤት እስካሁን እንኳን ሊደርስ ሊያልፈው ነው። እሳቸው ልኩ ደርሶ አይተኙም። የገዛ ልጃቸው እየወለደች ቢሆን እንኳ ግድግዳ አያሳልፉም።»

ይህን ስናገር ነው ነገሩ ለራሴ የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ስጨነቅ የነበረው ለቀለሜ ነበር። አሁን ግን ቀለሙን ረሳሁት። እኒያ ሰውዬ አንድ ግድግዳ ልኩ ሲያልፍ ዝም ብለው አይተው አያውቁም። አሁን ዝም ካሉ፣ ማየት ስላልቻሉ ነው።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ኦቦ ለሚም ጃንጥላቸውን ጥለው በትከሻቸው ገፉት። የጽድ ሳንቃ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ወደ መስኮቱ ዞርን፤ ፍርግርጉ አለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ላስቲኩ ላብ አውጥቶ ምንም አያሳይም።

«ጎረቤት ዲጅኖ አለ» አሉ ኦቦ ለሚ። «ላምጣና በሩን እንፈልቅቀዋለን፤ አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ።» በዚያ ዕድሜያቸው በጭቃው ላይ ሮጡ።

ጠብቂኝ። ይህችን ቃል በዚያ ቀን ስንቴ ሰማኋት።

አልጠበቅኩም። መዶሻ አንስቼ በጓሮው በር በእንግዳው መኝታ በኩል ገባሁ። ያ ክፍል ወደ ሳሎን የሚያስገባ በር የለውም፤ ገናም አልተቀባም፤ ቦርዱ ነጭ እንደሆነ ነው፣ የብሎኖቹ ረድፍ ይታያል። ብሎን ባለበት ከኋላው ሞራሌ አለ፤ በሁለቱ ረድፍ መሀል ባዶ ነው። ቦርዱን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ቦታውን አላጣውም። ከባዶው ወዲያ ሁለተኛው ቦርድ አለ፣ በእሱ ፊት ላይ ደግሞ የእኔ ወንጪ።

መዶሻውን አነሳሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። አልዋሻችሁም፣ ቆሜያለሁ። ተኝተው ቢሆንስ? ሰብሬ ስገባ ዓይናቸውን አሽተው ቀና ቢሉስ? ለእሁድ ሠርግ የሰው ቤት አፍርሼ፣ በሕይወቴ የሠራሁትን አንዱን ደህና ነገር በእጄ ደርምሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ እስክሞት ባሬላ። ይህ ሁሉ ባንዴ ታየኝ። ከዚያ እናቴ ያለችው እሾህ ወጋኝ መሰለኝ፣ መታሁት።

የመጀመሪያው ቦርድ ቶሎ ለቀቀ። ቁራጩን በእጄ ገነጣጥዬ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ሁለተኛውን ስመታው እያለቀስኩ ነበር። ቀለሜ በቁራሽ በቁራሽ ወደ ሳሎኑ ወደቀ። ከቀዳዳው የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። ጭስ የለም፣ ሽታም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሞት እንዲህ ዝም ያለ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። በጎኔ ሾልኬ ገባሁ።

ጋሽ ታፈሰ በስቱኮው ባልዲ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ስፓቱላው እጃቸው ላይ ነው፤ ወደ በሩ ሲሄዱ የወደቁ ይመስላሉ። ሊጠሩኝ ተነስተው ነበር። 

ትንፋሼን ይዤ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ራሴ ይዞራል። በሩ ሲከፈት ኦቦ ለሚ ዲጅኖውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል። የተሰበረውን ግድግዳ አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ዲጅኖውን ጣሉት። ሁለታችን በብብታቸው ይዘን ዝናቡ ላይ አወጣናቸው።

ሴቶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ዋይታ ጀመሩ። አደ አስቴር ጭቃው ላይ ተንበርክከው «የሱስ፣ የሱስ» ይላሉ። በዚህ መሀል ባጃጅ አጥሩ ላይ ቆመ፤ ቦንቱ ናት፣ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ። ከሰል ነው ስንላት ገና ሳንጨርስ ሰዉን በክርኗ በታተነችው።

«ራቁ፣ አየር ስጧቸው! ሸሚዛቸውን ክፈቱ!»

ሙሽራዋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አፋቸውን ጠረገች፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ ከዚያ በአፏ ትንፋሽ ትሰጣቸው ጀመር። ቢጎዲኖቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ጭቃ ላይ ይወድቃሉ። እኔ እግራቸውን ይዤ «ጋሼ፣ ደርሷል፣ ግድግዳው ደርሷል» እላለሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሌላ ነገር የሚያስነሳቸው አልመሰለኝም።

ሳሉ። አስታወኩ። ዓይናቸውን ከፍተው ዝናቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ቆይ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«ግድግዳውስ?»

«የለም ጋሼ። ሰበርኩት።»

ባጃጁ ውስጥ አስገብተናቸው ሆስፒታል ሄዱ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ቦንቱ አብራቸው አመሸች፤ በሠርጓ ዋዜማ ዋዜማ ሙሽራ ሆስፒታል አመሸች ብሎ ሰው አወራ፣ እሷ ግድም አልነበራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ለሚ ቤት ተመለስኩ። ሳሎኑን ስከፍተው እንባዬ መጣ። ግድግዳው መሀል ለመሀል ተቦድሷል፤ የተረፈው ሳይታሽ ልኩ አልፎበት ደብዝዟል። ፍርስራሹን ሰብስቤ አዲስ ቁራጭ ቦርድ ገጠምኩ፣ ደፈንኩ፣ ያንኑ ቀለም ቀላቅዬ ለበጥኩ። ግን አዲስ ልስን ከአሮጌው ጋር በአንድ ቀን አይመሳሰልም። መስኮቱም በሩም ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የሠራሁት፤ ከሰል የሚል ቃል በዚያ ቤት ማንም አላነሳም። እሁድ ጠዋት ጥገናው እርጥብ እንደሆነ ነበር፤ በፈዘዘው ግድግዳ መሀል ጠቁሮ፣ ዳሩ ተዛንፎ ይታያል። ከሩቅ የገባ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ላፍር ተዘጋጅቼ ጥግ ቆምኩ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ገቡ። አንደኛው ግድግዳውን አይተው «ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አደ አስቴር ቀደሙኝ። «ወንጪን አያውቁትም እንዴ ኦቦ? ሐይቁ መሀል ደሴት አለ አይደል፤ ደሴቷ ናታ» አሉ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ መሀል አመጡኝ። «የሠራችውም እሷ ናት። ገላቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ። ይህ ቤት ዛሬ የለቅሶ ቤት ያልሆነው በአንቺ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ሙሽሪትን ሳይመርቁ እኔን መረቁኝ፤ እንዲህ ያለ ሠርግ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ታፈሰ የመጡት ምሳ ከተነሳ በኋላ ነው። ከሆስፒታል እንደወጡ፣ ቦንቱ ተኙ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ዱላ ተደግፈው። ለማንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ጥገናዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።  እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ያስጠጋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጠቋሚ ጣታቸውን ቀስ አድርገው እርጥቡ ላይ ጫን አደረጉት። ጣታቸው ታተመ።

«ጋሼ!» አልኩ ሳላስበው።

«አልደረቀም» አሉ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። «ሰኞ ጠዋት ጊንጪ ሥራ አለን። ስፓቱላሽን እንዳትረሺ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ሠራሁ፤ ጊንጪ፣ ሸነን፣ እዚሁ አምቦ። አሁን የራሴ ሠራተኞች አሉኝ። እረፍት የለሽነቴ አልተወኝም፤ ዛሬም ቁጭ ብድግ ነኝ። የተለወጠው ሌላ ነው። በፊት ይህ ጠባዬ ያሳፍረኝ ነበር፣ ሰው «ቆይ» ሲለኝ እሱ ትክክል፣ እኔ ጥፋተኛ እንደሆንኩ ነበር የሚሰማኝ። ዛሬ ለግድግዳ እጠብቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ሰው ዝም ሲለኝ ግን አልጠብቅም። ጎረቤቴ በሯን ካልከፈተች አንኳኳለሁ፤ ተኝታ ከነበረ ትቆጣኛለች፣ ይቅርታ እላለሁ፣ አለቀ። እናንተም ከሰል ያለበትን ቤት በር አትዝጉ፤ ጭስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ። የለመዳችሁት ድምፅ ዝም ካለ ደግሞ፣ ማንም ቆይ ቢላችሁ ሄዳችሁ እዩ። ብትሳሳቱ የሚጠፋው ግድግዳ ነው።

ባለፈው አደ አስቴር ቤቱን ሊያስቀቡ ጠርተውኝ ነበር። ሦስቱን ግድግዳ አሳዩኝና ወደ አራተኛው ስዞር «እሱን ተዪው» አሉ። ብቻዬን ሲተዉኝ ተጠግቼ ደሴቷን አየኋት። ደርቃ ከሐይቁ ጋር ልትመሳሰል ምንም አልቀራት፤ የጋሽ ታፈሰ ጣት ግን እንዳለ ነው። ማንም ሲያየኝ እንደሌለ አረጋግጬ ጣቴን አስገባሁበት። የእሳቸው ከእኔ ይሰፋል።